ማማህ የሚወዛወዘው እንጨቱ ስለቀጠነ አይደለም

ሰላም ወንድሜ። እንደጻፍከው ከሆነ አምና የሠራችሁት የማሽላ መጠበቂያ ማማ ሰው ሲወጣበት ይወዛወዛል፣ አንዱን እግሩን ደግሞ ምስጥ በልቶታል። ዘንድሮ ወፈር ያለ ባሕር ዛፍ ገዝተህ ቁመቱን 4 ሜትር ልታደርስ አስበሃል፤ ስንት እንጨትና ምን ያህል ሚስማር እንደሚበቃህም ጠይቀሃል።

ወፍራም እንጨት ለመግዛት አትቸኩል። በላክኸው ፎቶ ላይ አራት ቋሚና አግዳሚዎች ብቻ ናቸው የሚታዩት፤ አንድም ሰያፍ (ከአንዱ ቋሚ ታች ወደ ሌላው ቋሚ ላይ አጋድሞ የሚታሰር እንጨት) የለም። ቋሚ በአግዳሚ ብቻ ሲታሰር ባዶ የክብሪት ቀፎ ማለት ነው፤ ከጎን ሲገፉት ይጋደማል። ቋሚውን እጥፍ ብታወፍረውም ማሰሪያው ላይ መላወሱ አይቀርም። ሰያፍ ሲገባበት ግን ጎኑ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ ሦስት ማዕዘን ደግሞ እንጨቱ ካልተሰበረ ወይም ማሰሪያው ካልተፈታ ቅርጹን አይለቅም።

ቁመቱን በተመለከተ፣ ርብራቡ (ሰው የሚቆምበት የእንጨት ወለል) ከመሬት 3 ሜትር ተኩል ላይ ቢሆን ይበቃሃል። በዚያ ላይ የቆመ ሰው ዓይኑ ወደ 5 ሜትር ይደርሳል፤ ረጅሙን ማሽላ እንኳ አሻግሮ ያያል። ከዚያ በላይ የምትጨምረው እያንዳንዱ ግማሽ ሜትር ለንፋስና ለመውደቅ አደጋ ነው። የእግሮቹ ስፋት ከታች 2.40 በ2.40 ሜትር፣ ርብራቡ ጋ ሲደርስ 1.80 በ1.80 ይሁን፤ ማለትም እያንዳንዱ እግር ከታች ወደ ውጭ ይዘረጋል። አራቱን ጉድጓዶች ስትለካ ማዕዘን ለማዕዘን በሲባጎ ያዝ፤ ሁለቱም ሰያፍ ልኬቶች 3 ሜትር ከ39 ካልሆኑ ካሬው ተጣሟል፣ ከላይ ያለው ሁሉ ይጣመማል።

አሁን ወደ ምስጡ። ባሕር ዛፍ አፈር ውስጥ ከገባ ምስጥ ባለበት አገር ዕድሜው አጭር ነው። ከታች ማቃጠሉም ሆነ አመድ መነስነሱ ብቻውን አያድነውም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡም አሉ፤ እርጥብ እንጨት ውስጥ አይሰርግም፣ የእህል ማሳህን አፈር ግን ይበክላል፤ እኔ አልመክረውም። የሚሻለው አፈር የሚነካውን ክፍል ብቻ ከጽድ ወይም ከወይራ ማድረግ ነው። 1 ሜትር ተኩል ርዝመትና 15 ሳንቲም ውፍረት ያላቸው አራት ጉማጆች አዘጋጅ፤ ቅርፊታቸውንና ነጩን የውጭ እንጨት ጥረበው፣ ምስጥ የማይደፍረው የመሐሉን ቀይ ወይም ጥቁር እንጨት ነውና። 80 ሳንቲሙን ቅበር፣ 70 ሳንቲሙ ከመሬት በላይ ይቅር። የባሕር ዛፉን ቋሚ ከጉማጁ ጎን አስጠግተህ ባለ 12 ሚሊ ሁለት ብሎን በ40 ሳንቲም ርቀት ታስርበታለህ፤ የቋሚው ጫፍ ከአፈር 10 ሳንቲም ከፍ ይበል። በኋላ ጉማጁ ቢያረጅ እሱን ብቻ ትቀይራለህ፣ ማማው አይፈርስም። ምስጥ ከመጣም የጭቃ መንገዱን ጉማጁ ላይ ሠርቶ ስለሚወጣ በዓይንህ ታየዋለህ፤ ባየህ ቁጥር ፋቀው።

ጉድጓዱን ስትሞላ የቆፈርከውን አፈር አንዴ አትገልብጥ። ከታች ድንጋይና ጠጠር፣ ከዚያ አፈሩን በየ15 ሳንቲሙ እየጠቀጠቅህ ሙላ። መሬትህ ዋልካ ከሆነ ግን ያንን አፈር ጨርሶ አትመልሰው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ እግሩም በጥቅምት ይላላል። በጠጠርና በድንጋይ ሙላው። ቁፋሮውን ክረምቱ ሳይገባ ጨርስ።

የባሕር ዛፉ ብዛት እንዲህ ነው። ከታች 14 ሳንቲም የሚወፍር የፊት ቋሚ 2፣ እያንዳንዱ 4.60 ሜትር፤ የኋላ ቋሚ 2፣ እያንዳንዱ 5.50 ሜትር። ባለ 12 ሳንቲም ተሸካሚ (ርብራቡን ከሥር የሚይዝ አግዳሚ) 5፣ እያንዳንዱ 2.30 ሜትር። ለሰያፍ 8 ሳንቲም የሚወፍር 8፣ እያንዳንዱ 4 ሜትር። ለርብራብ 6 ሳንቲም የሚወፍር 30 ያህል፣ ባለ 2 ሜትር። ቅርፊቱን ልጠህ ጥላ ውስጥ ሁለት ወር ያህል አድርቀው። እርጥቡን ከሠራህበት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሽቦውም ሚስማሩም ይላላል፤ አምና የሆነባችሁ አንዱ ነገር ይኸው ይመስለኛል።

ሁለቱን ጎኖች (የግራና የቀኝ) መሬት ላይ አስተኝተህ ጨርሳቸው። ተሸካሚው ቋሚው ላይ በ3 ሳንቲም ጥርብ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከቋሚው ውፍረት ከሩብ በላይ አትጥረብ፣ እዚያው ላይ ይሰበራል። አንድ ረጅም ብሎን በሮንዴላ አስገባበት፣ ከሥሩም አጭር ደጋፊ ጉማጅ በሚስማር ምታ። ክብደቱን መሸከም ያለበት እንጨት በእንጨት ላይ ሆኖ ነው፤ ብሎኑ እንዳይንሸራተት ብቻ ይያዝ። ጎኖቹን ለማንሳት አራት ሰውና በፊትም በኋላም የሚይዙ ሁለት ገመዶች ያስፈልጋሉ።

ሰያፍ በአራቱም ጎን፣ በመሰላሉ በኩል ያለውን ጨምሮ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ይገባል፤ አንዱ ከቋሚዎቹ ውጭ፣ አንዱ ከውስጥ። መሐል ላይ ሲተላለፉ በመካከላቸው ክፍተት ይኖራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሽቦውን ጨምቆ ሁለቱን ሊያገናኝ ይሞክራል፤ ሰያፎቹ ይጎብጣሉ፣ የጎበጠ ሰያፍ ደግሞ ሲገፋ እንደ ቀስት ይለጠጣል እንጂ አይዝም። ክፍተቱን የሚሞላ ጉማጅ ቆርጠህ ሸጉጥና በላዩ እሰር። ማሰሪያው ዝገት የማይበላው 3 ሚሊ ሽቦ፣ ሦስት ዙር፣ በወፍራም ሚስማር ተጠምዝዞ የከረረ ይሁን። ለአንድ መጋጠሚያ 2 ሜትር ያህል ይፈጃል፤ በአጠቃላይ 4 ኪሎ ግዛ። ከአንድ ወር በኋላ ሁሉንም ዳግም አክርር።

ርብራቡን ከማንጠፍህ በፊት ሦስት ተሸካሚ፣ ዳርና ዳር እንዲሁም መሐል፣ አስተላልፍ። የመሐሉ ከቀረ እንጨቶቹ 1.80 ሜትር ባዶ ላይ ይዘረጋሉና ጉጥ ያለው አንድ ቀን ይከዳል። የወንጭፍ ድንጋይ ክምርህ ማዕዘን ላይ፣ ከቋሚው አጠገብ ይሁን፤ መሐል ላይ አትከምር።

ጣሪያውን ግማሽ ብቻ አድርግ። ሙሉ ጣሪያ ካለ ወንጭፍ የሚያዞር ሰው እጁ ይጋጫል፣ ከዚያም ወደ ጠርዙ ወጣ ብሎ መወርወር ይለምዳል፤ መውደቅ የሚመጣው ከዚህ ነው። የኋላ ቋሚዎቹና መሐል ላይ የምትተክላቸው ሁለት ባላዎች ይሸከሙት፣ የፊቱ ክፍት ሆኖ 1 ሜትር ከ10 በሚደርስ ከለላ ይታጠር። ክፍቱ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይዙር፤ ወፍ የሚበረታው ጠዋትና ማምሻ ላይ ስለሆነ ፀሐይ ዓይን ውስጥ መግባት የለባትም።

መሰላሉ ላይ አደራ። ሚስማር ብቻ የያዘው መርገጫ ሲረገጥ ሙሉ ክብደቱ ሚስማሩ ላይ ነው፤ እንጨቱ ሲደርቅ ቀዳዳው ይሰፋና ሳይታሰብ ይነቀላል። መርገጫውን 2 ሳንቲም በተጠረበ ማረፊያ ውስጥ አስቀምጥ፣ አንድ አንድ ሚስማር ምታ፣ ከዚያ በጥቁር ሽቦ እሰር። ርቀታቸው 30 ሳንቲም፣ ብዛታቸው 11። የመሰላሉ እግር ከማማው 90 ሳንቲም ያህል ይራቅ፣ ጫፉ ከርብራቡ 1 ሜትር ይለፍ፤ ወደ ርብራቡ ሲገቡና ሲወርዱ የሚያዝ ነገር ያስፈልጋል።

ማንም ከመውጣቱ በፊት 2 ኩንታል አሸዋ በጆንያ ርብራቡ ላይ ጫንና አሳድር። በየዓመቱ ደግሞ ጉማጆቹን አፈር የሚነካቸው ቦታ ላይ፣ ከላይም ከታችም 10 ሳንቲም ድረስ፣ በቢላ ውጋ፤ መበስበስ የሚጀምረው እዚያ ነው። ቢላው በቀላሉ ከገባ ያንን እግር ሳትቀይር አትውጣ። ደመና ሲያጉረመርም ወዲያው ውረዱ፤ ሜዳ ላይ ከፍ ብሎ የቆመ ማማ መብረቅ ይስባል። አዝመራው ሲሰበሰብም የታችኞቹን አራት መርገጫዎች ፍታቸው፣ ልጆች ብቻቸውን እንዳይወጡበት።