ለክቶ ወደ 0 መመለስ፦ ፓይ ፐልሱ ለምን ይስታል?

ጥያቄ፦ ትራንስሞን ኪዩቢት (ከሱፐርኮንዳክተር ወረዳ የተሠራ የኳንተም ቢት) እንለካለን፤ 1 ከተነበበ ኤፍፒጂኤው (መቆጣጠሪያ ቺፑ) ፓይ ፐልስ፣ ማለትም 0ን ወደ 1፣ 1ን ወደ 0 የሚገለብጥ የማይክሮዌቭ ምት፣ ልኮ ወደ 0 ይመልሰዋል። ግማሽ በግማሽ 0 እና 1 ከሆነ መነሻ፣ 8 በመቶው አሁንም 1 ላይ ይቀራል። ቲ1 (ኪዩቢቱ ከ1 በራሱ ወደ 0 የሚወድቅበት አማካይ ጊዜ) 100 ማይክሮ ሰከንድ፣ ንባቡ 1 ማይክሮ ሰከንድ፣ ኪዩቢቱ የሚነበብበት ሬዞናተር ካፓ (ፎቶኖች ከውስጡ የሚወጡበት ፍጥነት) በ2 ፓይ ሲካፈል 0.5 ሜጋ ኸርዝ ነው። የ50 ናኖ ሰከንዱ ፐልስ ንባቡ ካለቀ ከ300 ናኖ ሰከንድ በኋላ ይነሳል።

መልስ፦ ፐልሱን እንደገና ካሊብሬት ከማድረግዎ በፊት ጊዜውን ይመልከቱ። በዚህ ካፓ፣ ንባቡ ሬዞናተሩ ውስጥ የሚተዋቸው ፎቶኖች በየ320 ናኖ ሰከንዱ ወደ 37 በመቶ ይወርዳሉ። ንባቡ ሲቆም 10 ፎቶን ከነበረ፣ ፐልሱ ሲነሳ 4 ያህሉ ገና ሬዞናተሩ ውስጥ ናቸው። አንዱ ፎቶን የኪዩቢቱን ፍሪኩዌንሲ 1 ሜጋ ኸርዝ የሚያንቀሳቅስ ከሆነ ፐልስዎ በ4 ሜጋ ኸርዝ ይስታል። የ50 ናኖ ሰከንድ ካሬ ፐልስ የራቢ ፍሪኩዌንሲው (ኪዩቢቱን በ0 እና በ1 መካከል የሚያመላልስበት ፍጥነት) 10 ሜጋ ኸርዝ ስለሆነ፣ 1 ላይ ካሉት 15 በመቶ ያህሉን ሳይገለብጥ ያልፋል። መነሻ ላይ 1 የሆነው ግማሹ ስለሆነ፣ ከ8 በመቶው ስህተትዎ 7ቱ በመቶ ያህል ከዚህ ብቻ ይመጣል።

ለማረጋገጥ፣ በንባቡና በፐልሱ መካከል ያለውን ክፍተት ከ0.3 እስከ 5 ማይክሮ ሰከንድ እያሳደጉ የቀረውን 1 ይለኩ። ኩርባው በፍጥነት ወርዶ ከዚያ ቀስ እያለ ይወጣል። የሚወጣበት ምክንያት ይህ ነው፦ 1 ተብሎ የተነበበው ኪዩቢት ፐልሱ ሳይደርስ በራሱ 0 ላይ ከወደቀ፣ ፐልሱ መልሶ 1 ያደርገዋል። በእርስዎ ቁጥሮች ዝቅተኛው ነጥብ 1 ማይክሮ ሰከንድ አካባቢ፣ የሚቀረው ስህተትም 1 በመቶ ገደማ መሆን አለበት። (በንባቡ መጨረሻ በተቃራኒ ፌዝ አጭር ፐልስ ልኮ ፎቶኖቹን ቶሎ ማስወጣትም ይቻላል፤ ግን ሬዞናተሩ ለ0 እና ለ1 የተለያየ መልስ ስለሚሰጥ ለሁለቱም መስተካከል አለበት።)

ከዚያ በታች ለመውረድ ዙሩን ይድገሙት። ሁለቱ ዙሮች 4 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይፈጃሉ፤ የቲ1ን 5 እጥፍ ዝም ብሎ መጠበቅ ግን 500 ይወስዳል። በሁለተኛው ዙር አብዛኛው 0 ላይ ስለሆነ 0ን ከ1 የሚለየውን መስመር ወደ 1 ደመና (1 ሲሆን የሚገኙት የንባብ ነጥቦች ክምችት) ያስጠጉት፤ 0ን በስህተት 1 ብሎ ማንበብ ደህናውን ኪዩቢት በገዛ እጅ መገልበጥ ነው።

ንባቡን ለማፍጠን ብለው ኃይሉን ከልክ በላይ አይጨምሩ። ትራንስሞኑ ወደ ደረጃ 2 ሊወጣ ይችላል፤ የ0–1 ፓይ ፐልስ ደግሞ እዚያ ያለውን አይነካውም። በአይኪው ሥዕሉ (የንባብ ነጥቦቹ በሚታዩበት ግራፍ) ላይ ሦስተኛ ደመና ከታየ፣ እዚያ ለተነበበው ኪዩቢት መጀመሪያ የ1–2 ፓይ ፐልስ፣ ቀጥሎ የ0–1ን ይላኩ።