ፍተሻው «ደህና ነው» ይላል፣ ኮምፒውተሩ ግን ይጠፋል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዳማ የሠርግ ቪዲዮ የማቀናብር ልጅ ነኝ። ያገለገለ ወርክስቴሽን ገዝቻለሁ። ሁለት ዚዮን ፕሮሰሰር አለው፣ 12 ስሎት፣ በእያንዳንዱ 8 ጊጋ፣ ድምሩ 96 ጊጋ ራም። ሬንደር ሳደርግ ሰማያዊ ስክሪን አምጥቶ ይጠፋል። ራም መፈተሻ ፕሮግራም በሆነው በሜምቴስት86+ 4.20 ሌሊቱን ሙሉ ፈተሽኩት፣ አንድም ስህተት አላገኘም። ጥር ደረሰብኝ፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ራሙ ደህና ነው ለማለት አትቸኩል። ያን ሌሊት የተፈተሸው 64 ጊጋው ብቻ ነው። የቀረውን 32 ጊጋ፣ ማለትም የ4 ራም ያህሉን፣ ማንም አልነካውም።

የያዝከው ቨርዥን የ2011 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ቁጠር)፣ በ32 ቢት የተሠራ። በ32 ቢት የሚጻፍ አድራሻ 4 ጊጋ ላይ ያልቃል። የቤት ቁጥር መሙያው ሁለት ሳጥን ብቻ የሆነ ቅጽ አስብ። 99 ቁጥር ድረስ ይሞላል፤ 100 ቁጥር ቤት ሰው ቢኖርበትም ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ኢንቴል በ1995 ፔንቲየም ፕሮ ላይ ፒኤኢ የሚባል መላ አመጣና አድራሻው 36 ቢት ሆነ፣ ጣሪያውም 64 ጊጋ። (ያኔ 64 ጊጋ ራም ማን ያልም ነበር?) አሮጌው ሜምቴስት የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። ራሙን 2 ጊጋ 2 ጊጋ እየቆረሰ ያያል፣ 32 ጊዜ ከቆረሰ በኋላ መሶቡ ባዶ ነው ብሎ እጁን ይታጠባል።

ስለዚህ አዲሱን አውርድ። ሜምቴስት86+ ከ2022ቱ 6.00 ጀምሮ እንደ አዲስ ተጽፎ 64 ቢት ሆኗል፤ ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም) ብቻ ባለው አሮጌ ማሽንም ይነሳል። ፕላስ የሌለው ሜምቴስት86 ሌላ ነው፣ እንዳትሳሳት። የእሱ አዳዲስ ቨርዥኖች የሚነሱት የባዮስ ተተኪ በሆነው በዩኢኤፍአይ ብቻ ነው።

አዲሱም እምቢ ካለህ በእጅ ነው። ስድስቱን ራም ነቅለህ ስድስቱን ተው፣ በየፕሮሰሰሩ ሦስት ሦስት። 48 ጊጋ ይሆናል። ከዚያ ቀይረህ የቀሩትን ፈትሽ። «ስምንት ብተውስ፣ ልክ 64 አይደል?» እንዳትል። ከ4 ጊጋ በታች ካለው አድራሻ ከፊሉን ግራፊክስ ካርዱና መሰሎቹ ይይዙታል፤ በእነሱ የተገፋው ራም ከ64 በላይ ወጥቶ ሳይፈተሽ ይቀራል። እኔ በዚህ ጉድ ሆኛለሁ። ደህና ነው ብዬ የሰጠሁትን ማሽን ደንበኛዬ በሦስተኛው ቀን ተሸክሞ መለሰልኝ። ስህተቱ የተገኘው እዚያችው ቁራጭ ላይ ነበር።

ሌላም አለ። እንዲህ ያለ ማሽን ራሙ ብዙውን ጊዜ ኢሲሲ ነው። አንድ ቢት ሲሳሳት ራሱ አርሞ ዝም ይላል፤ ሜምቴስት ላይ ላይታይ ይችላል። ባዮስ ውስጥ ገብተህ የስህተት መዝገቡን ተመልከት፤ የስሎቱን ቁጥር የሚነግርህ አለ።

ከሁሉ በፊት ግን ራሞቹን ነቅለህ ቢጫውን እግራቸውን በላጲስ ጥረግ፣ ሁለቱም መያዣ ቀጭ እስኪል መልሰህ ክተት። መብራት ከሄደ ፍተሻው ከዜሮ ነው የሚጀምረው፣ ዩፒኤስ ካለህ ሰካው። እስከዚያው የጥርን ሠርግ ፈትነህ ባለፉት ስድስት ራሞች ሥራ። 48 ጊጋ ለሬንደርህ ይበቃል።