አረንጓዴው ሌዘር ለምን ብርድ አይችልም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ የምጽፍልዎ ከወገል ጤና ነው። ክረምት ላይ ደሴ ወርጄ አረንጓዴ ሌዘር ገዛሁ። ኮምቦልቻ ወንድሜ ቤት ስሞክረው ጉድ ነበር። ኅዳር ላይ ተማሪዎቼን ማታ ሜዳ አውጥቼ ኦሪዮን የሚባለውን የከዋክብት ስብስብ ላሳያቸው ስል ግን መጀመሪያ ደህና በራ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደብዝዞ ድርግም አለ። ድንጋይ ቀየርኩ፣ ወይ ፍንክች! አንዱ ተማሪ ተቀብሎኝ የሌዘሩን አፍ ወደ ዓይኑ አዞረና «መምህር፣ ሞቷል» አለኝ። ጠዋት ቤት ውስጥ ስጫነው ቦግ! ተበላሽቶ ነው ወይስ ተሸውጄ?

መልስ፦ አብሽሩ መምህር፣ አልተበላሸም። በርዶት ነው። ግን ስለ ዕቃው ከማውራታችን በፊት ስለ ልጁ እናውራ። ዓይኑ ላይ የማይጠፋ ጥቁር ነጥብ ካየ፣ ወይም ፊደል ሲያነብ መሀሉ ከደበዘዘበት፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ የዓይን ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ምንም ካልተሰማው ደግሞ እሰየው። ሁለተኛ ግን ማንም እንዳያደርገው። አረንጓዴው ጠፋ ማለት ሌዘሩ ጠፋ ማለት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ብዕር የሚያክል ዕቃ ውስጥ ሦስት ትውልድ አለ። አያትየው ድንጋዩ የሚቀልባት፣ ዳዮድ የምትባል ትንሽ ብርሃን ሰጪ የምታወጣው 808 ናኖሜትር ብርሃን ነው (ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው)። ኢንፍራሬድ ስለሆነ አይታይም። እሱ ኒዮዲሚየም የሚባል ብረት ያለባት አንዲት ክሪስታል ውስጥ ገብቶ 1064 ናኖሜትር ይወልዳል። ይሄም አይታይም። ኬቲፒ የምትባለው ሁለተኛዋ ክሪስታል ያንን ተቀብላ የሞገዱን ርዝመት በግማሽ ትቆርጠዋለች፤ 532 ይሆናል። እኛ የምናየው አረንጓዴ እንግዲህ የልጅ ልጅ ነው።

ብርዱ የሚያጠቃው አያትየውን ነው። ዳዮዷ በቀዘቀዘች ቁጥር የብርሃኗ የሞገድ ርዝመት በአንድ ዲግሪ ወደ 0.3 ናኖሜትር ያጥራል። ትንሽ ይመስላል። ግን ከኮምቦልቻ ወገል ጤና ሽቅብ ከ1000 ሜትር በላይ ነው፤ 1000 ሜትር በወጡ ቁጥር ደግሞ አየሩ በግምት በ6 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። የቀኑና የሌሊቱ ልዩነት ሲጨመርበት 20 ዲግሪ ቢሆን አይግረምዎ። 20 ዲግሪ ማለት 6 ናኖሜትር ነው። የመጀመሪያዋ ክሪስታል ደግሞ ምግብ መራጭ ናት፤ ከ808 ጥቂት ፈቀቅ ካለ አብዛኛውን ሳትነካው ታሳልፈዋለች። ኬቲፒዋም ብትሆን በቤት ሙቀት ልክ የተስተካከለች ስለሆነች ብርድ አትወድም። በዚህ ላይ ድንጋዩ ራሱ ብርድ ላይ ጉልበቱ ይደክማል። አዲስ ድንጋይ ያላዳነዎት ዋናው ችግር እሱ ስላልነበረ ነው።

አሁን ልጁ ጋ እንመለስ። አረንጓዴው ሲጠፋ አያትየው ቤቱ ውስጥ አለ። ደህና አምራች አፉ ላይ ኢንፍራሬዱን የሚያስቀር ማጣሪያ ያደርጋል። ርካሹ ላይ ብዙ ጊዜ የለም። በ2010 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም ባወጣው ጽሑፍ ከመረመራቸው ርካሽ አረንጓዴ ሌዘሮች አንዱ አረንጓዴው ደካማ፣ የማይታየው ግን በብዙ እጥፍ ብርቱ ሆኖ ተገኝቷል። ዓይናችን ቶሎ የሚጨፈነው ደማቅ ብርሃን ሲያይ ነው። ያላየውን ምኑን ብሎ ይጨፈን?

እኔም ብሆን በዚህ ዕቃ አፍሬያለሁ። የዛሬ ስንት ዓመት፣ ታኅሣሥ ጠዋት፣ አንድ ሰው ሱቄ ይዞት መጣ። ተጫንኩት፣ የለም። «አርፏል» ብዬ ፈረድኩበት፤ ሰውየውም እዚያው ጥሎልኝ ሄደ። መጋቢት ላይ ከሰዓት መሳቢያ ስጎረጉር እጄ ነካው። ጣሪያዬ አረንጓዴ ሆነ። ባለቤቱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

የእርስዎ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ያንኑ ሌዘርና አንድ ቀይ ሌዘር ይዤ ሸዋ በር ወደምትገኝ የለስላሳ መሸጫ ሄድኩ። ባለቤቷ «ጋሼ ደግሞ ምን ሊያቀዘቅዙ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። እርጥበት እንዳይገባበት በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆየሁት። ሳወጣው ግድግዳው ላይ የታየኝ የበጋ ሣር የመሰለ ገርጣጣ ነጥብ ነው። ጭብጥ አድርጌ ያዝኩት። ትንሽ ቆይቶ ደመቅ፣ መልሶ ፈዘዝ፣ እንደገና ቦግ፤ ልክ መብራት ሊመጣ ሲል እንደሚያደርገው። ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲሆን ረጋ። አብሮት የነበረው ቀዩ ሌዘር ግን ብርዱ ከቁብም አልገባው። ቀዩን ዳዮዱ ራሱ ነው የሚያወጣው፤ የልጅ ልጅ አይጠብቅም።

ስለዚህ ለማታው ትምህርት ሌዘሩን ብብትዎ ሥር፣ ከጋቢው ውስጥ ያቆዩት። ኮከቡን ሲያሳዩ አውጥተው አሥር ሃያ ሰከንድ ይጫኑ፣ ከዚያ መልሰው ይሸጉጡት። ሊቲየም የሆነ የሪሞት ድንጋይ ካገኙ ከተራው ይልቅ ብርድ ይችላል። ከሰል ላይ ላሙቀው እንዳይሉ! ሙቀትም ሲበዛ ያው ነው፤ ባቲ ገበያ ፀሐይ ላይ ቢውል እንዲሁ ይደበዝዛል። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ አውሮፕላን ካዩ ደግሞ ጣትዎን ከቁልፉ ያንሱ።

ሌላ ልገዛ ካሉ 520 ናኖሜትር የሚል ይፈልጉ። እሱ እንደ ቀዩ አረንጓዴውን በቀጥታ ከዳዮዱ ነው የሚያወጣው፤ ብርዱን በጣም ይችለዋል። 532 ካለ የእርስዎው ወንድም ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን ካላመኑት በሁለት ፌስታል ጠቅልለው ለስላሳ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ያስገቡት። ሴትዮዋ ትሳቅ፤ እኔን ለምዳለች።