ዝናው የዲኤንኤ፣ ሥራው የአርኤንኤ፦ ስለ ኑክሊክ አሲዶች ጥያቄና መልስ

ስለ ኑክሊክ አሲዶች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የምሠራው ሞለኪውላር ላብራቶሪ ውስጥ ስለሆነ ከመጽሐፉ ይልቅ ወደ ሥራው ባደላ አትፍረዱብኝ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። የምርመራ ውጤታችሁን ፎቶ አንስታችሁ የላካችሁልኝ ደግሞ ሐኪማችሁን አማክሩ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ኑክሊክ አሲድ ምንድን ነው ሲባል "የዘር መረጃ ተሸካሚ" ብዬ ሸምድጃለሁ። ነገሩ ግን አልገባኝም።

መልስ፦ ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ዲኤንኤና አርኤንኤ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። እያንዳንዱ ቀለበት ሦስት ነገር አለው፤ ስኳር፣ ፎስፌትና ቤዝ። ስኳርና ፎስፌቱ እየተፈራረቁ ሰንሰለቱን ያያይዙታል። ይሄ ክፍል ከጫፍ እስከ ጫፍ ያው ነው፣ ምንም መረጃ የለውም። መረጃው ያለው በቤዞቹ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ዲኤንኤ አራት ቤዞች አሉት፤ አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጓኒንና ሳይቶሲን። አርኤንኤ በታይሚን ቦታ ዩራሲል ይጠቀማል።

ስኳራቸውም ይለያያል። የዲኤንኤው ስኳር ከአርኤንኤው አንድ ኦክስጅን ያንሰዋል። ይቺ ትንሽ ልዩነት ብዙ ታመጣለች። ተጨማሪዋ ኦክስጅን አርኤንኤን በቀላሉ ተሰባሪ ታደርገዋለች። በዚያ ላይ ቆዳችን ላይ አርኤንኤ የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለ። ላብ ውስጥ ጓንት በየሰዓቱ የምንቀያይረው ወደን አይደለም፤ አንዴ በባዶ እጅ ከተነካ ናሙናው አለቀለት።

አሁን አንድ ሕግ ያዝ። አዴኒን ከታይሚን ወይም ከዩራሲል ጋር፣ ጓኒን ከሳይቶሲን ጋር ብቻ ይጣመራል። ዲኤንኤ እንዲህ የተጣመሩ ሁለት ገመዶች ስለሆነ አንዱን ካወቅክ ሌላውን ራስህ መጻፍ ትችላለህ። ህዋስ ከመከፈሉ በፊት ሁለቱ ገመዶች ይላቀቃሉ፣ በእያንዳንዱ ላይ አዲስ ጥንድ ይሠራል፣ አንድ የነበረው ሁለት ይሆናል። ፈተና ላይ ስለ ኑክሊክ አሲድ የሚመጣው አብዛኛው ጥያቄ ከዚህ ሕግ የሚወጣ ነው።

ጥያቄ፦ ዲኤንኤን ያገኙት ዋትሰንና ክሪክ ናቸው አይደል?

መልስ፦ አይደሉም። መጀመሪያ የለየው ስዊዘርላንዳዊው ፍሬድሪክ ሚሸር ነው፤ በ1869፣ ጀርመን፣ ቱቢንገን። ከየት አገኘው? ከመግል። ከሆስፒታል የሚጣል የቁስል ፋሻ እያመጣ፣ መግሉን እያጠበ፣ ነጭ የደም ህዋሶቹን ለየ፤ ከእነሱ ኒውክለስ (የህዋስ እምብርት) ውስጥ ፎስፈረስ የበዛበት፣ ፕሮቲን ያልሆነ ነገር አወጣ። የዘር መረጃ የሚሸከመው እሱ መሆኑን ግን ኦስዋልድ ኤቨሪና ባልደረቦቹ በ1944 ባክቴሪያ ላይ እስኪያሳዩ ድረስ አብዛኛው ሰው ፕሮቲን ነው ብሎ ያምን ነበር።

ዋትሰንና ክሪክ በ1953 ያወጡት ቅርጹን ነው። ለዚያ ከረዷቸው ነገሮች አንዱ ከሮዛሊንድ ፍራንክሊን ሥራ የወጣ የኤክስሬይ ምስል ነው፤ ለዋትሰን ያሳዩትም እሷ ሳታውቅ ነው። ኖቤሉ በ1962 ለዋትሰን፣ ለክሪክና ለፍራንክሊን ባልደረባ ለዊልኪንስ ሲሰጥ እሷ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል። እኔ ይሄን ታሪክ ሳስተምር ከእሷ ነው የምጀምረው።

ጥያቄ፦ ዲኤንኤ ህዋስ ውስጥ በትክክል ምን ይሠራል?

መልስ፦ እውነቱን ልንገራችሁ? ዲኤንኤ ብዙም አይሠራም። ይቀመጣል። መዝገብ ቤት እንዳለ ዋና ሰነድ ቁጠሩት፤ ዋናው አይወጣም፣ ባለጉዳይ የሚይዘው ኮፒውን ነው። ኮፒው መልእክተኛ አርኤንኤ ይባላል። ከኒውክለስ ወጥቶ የህዋሱ ፕሮቲን መሥሪያ ወደሆነው ራይቦዞም ይሄዳል። ራይቦዞሙ ሦስት ሦስት ቤዝ እያደረገ ያነበዋል። ሦስት ሦስቱ በ64 ዓይነት መንገድ ሊደረደሩ ይችላሉ፤ ሦስቱ "አቁም" ሲሆኑ፣ ቀሪዎቹ 61 ለ20 አሚኖ አሲዶች፣ ፕሮቲን ለሚገነባባቸው ቅንጣቶች ማለት ነው፣ የተከፋፈሉ ናቸው። አሚኖ አሲዶቹን እየተሸከመ የሚያመጣቸው ሌላ ዓይነት አርኤንኤ ነው። ራይቦዞሙ ውስጥ አሚኖ አሲዶቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው ክፍልም አርኤንኤ ነው። አያችሁ? ፕሮቲን የሚሠራው በአርኤንኤ ላይ፣ በአርኤንኤ አቀባይነት፣ በአርኤንኤ እጅ ነው። ግን ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ዲኤንኤ ብቻ ነው። ይሄ ያናድደኛል።

አንድ ቤዝ ብትሳሳት ምን ይሆናል ላላችሁኝ፦ ደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ፕሮቲን፣ ከሄሞግሎቢን፣ ሁለት ዓይነት ሰንሰለቶች አንዱ ቤታ ይባላል። በእሱ ጂን (እሱ በሚሠራበት የዲኤንኤ ክፍል) ላይ "ጂኤጂ" (ጓኒን፣ አዴኒን፣ ጓኒን) የሚለው "ጂቲጂ" (መሃሉ ታይሚን) ሲሆን ስድስተኛው አሚኖ አሲድ ከግሉታሚክ አሲድ ወደ ቫሊን ይቀየራል። ከአባትም ከእናትም እንዲህ ሆኖ የመጣበት ሰው ሲክል ሴል አለበት ይባላል። ኦክስጅን ሲቀንስ ሄሞግሎቢኑ እርስ በርሱ ይጣበቅና ቀይ የደም ህዋሱ እንደ ማጭድ ይቆለመማል። ያ ሁሉ ስቃይ የአንዲት ቤዝ ጣጣ ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉም ህዋሳችን ዲኤንኤ አለው?

መልስ፦ ከሞላ ጎደል። የበሰለ ቀይ የደም ህዋስ ኒውክለሱን ስለሚጥል የለውም። ከደም ዲኤንኤ ስናወጣ የምናገኘው ከነጮቹ ነው። በአንድ ህዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ። ሪህ አለብህ ተብዬ ዱለት ተከለከልኩ። ይሄ አንተ ከምታወራው ነገር ጋር ይገናኛል ብሎ የልጅ ልጄ ነገረኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው አባቴ፣ የልጅ ልጅዎ ጎበዝ ነው። ከህዋስ የመጣ ምግብ ሁሉ ኑክሊክ አሲድ አለው፤ ጎመኑም፣ ሥጋውም። አንጀት ውስጥ ይፈርሳል እንጂ የበሬ ዲኤንኤ ሰውን በሬ አያደርግም። ፒዩሪን የሚባሉት ቤዞች፣ አዴኒንና ጓኒን ማለት ነው፣ መጨረሻቸው ዩሪክ አሲድ ነው። እሱ ደም ውስጥ ሲበዛ መገጣጠሚያ ላይ እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል ይሠራል፤ ሌሊት የሚያስጮህዎት እሱ ነው። ጉበት ደግሞ ፒዩሪን ከሚበዛባቸው ምግቦች አንዱ ነው፣ ዱለት ያለ ጉበት አይሆንም። ቢራም ዩሪክ አሲድ ይጨምራል። ሐኪምዎ ያለዎትን ይስሙ፣ እኔ ምክንያቱን ነው የነገርኩዎት።

ጥያቄ፦ ዲኤንኤን ቤት ውስጥ በዓይን ማየት ይቻላል ሲሉ ሰማሁ። ውሸት ነው መሰለኝ።

መልስ፦ ይቻላል እንጂ። ግማሽ ሙዝ በትንሽ ውሃ ላላ አድርጋችሁ ፍጩት። ቁንጥር ጨውና ጥቂት ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ጨምሩ፣ አረፋ እንዳይበዛ ቀስ ብላችሁ አማስሉ። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። ከፋርማሲ የተገዛ፣ ፍሪዘር ውስጥ የቆየ አልኮል በብርጭቆው ግድግዳ በኩል ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ፣ ከላይ ይንሳፈፍ። ትንሽ ቆይቶ በሁለቱ መሃል ነጭ ንፍጥ የመሰለ ክር ይወጣል።

ሳሙናው የህዋሱን የስብ ሽፋን ያፈርሳል። ጨው የፎስፌቶቹን ኔጌቲቭ ቻርጅ ይሸፍናል። ዲኤንኤ አልኮል ውስጥ ስለማይሟሟ ተሰብስቦ ይወጣል። ንጹሕ ዲኤንኤ ነው ብዬ አልዋሻችሁም፤ አርኤንኤ፣ ፕሮቲንና የሙዙ ፔክቲን አብረው አሉ። አረቄ አይሆንም ወይ ላልከው ደግሞ፣ የአረቄው አልኮል አይበቃም፣ አረቄውን ለጠጪው ተወው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። አዲስ አበባ ላለው ልጄ ቪዛ የዲኤንኤ ምርመራ ተጠየቅን። ደም ይወስዱበታል? በሽታችንንስ ያዩብናል?

መልስ፦ እህቴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደም አይወሰድም፤ የጉንጩን ውስጥ በጥጥ ጫፍ ያሹታል፣ አለቀ። ናሙናውን ራሳችሁ ወስዳችሁ መላክ ግን አይሆንም፤ ኤምባሲው በሚያዘው መንገድ ብቻ ነው። ምርመራው ዲኤንኤውን በሙሉ አያነብም። አጫጭር ድግግሞሽ ያለባቸውን ጥቂት ቦታዎች መርጦ ስንት ጊዜ እንደተደጋገሙ ይቆጥራል። ልጅሽ በእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ቁጥር አለው፤ አንዱ ካንቺ፣ አንዱ ከአባቱ። የሚታየው አንዱ ካንቺ ጋር መግጠሙ ነው። በሽታ ለመፈለግ የሚሠራ ምርመራ አይደለም፣ አትስጊ።

ጥያቄ፦ ከሉሲ ዲኤንኤ ለምን አይወጣም?

መልስ፦ አርጅታለች። ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፣ የተገኘችውም አፋር፣ ሐዳር ላይ፤ ሙቀት ደግሞ ዲኤንኤን ቶሎ ይበጣጥሳል። በ2022 የታተመውና በዕድሜ ሪከርድ የሰበረው ዲኤንኤ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፣ እሱም ከግሪንላንድ ከበረዶማ አፈር ነው። እኛ አገር ግን የሚያኮራ አለ። ጋሞ ደጋ ላይ፣ ሞታ ዋሻ ውስጥ የተቀበረ የ4,500 ዓመት ሰው አለ። ዋሻው ቀዝቃዛ መሆኑ ጠቀመ። ከጆሮው ሥር ካለው ጠንካራ አጥንት ዲኤንኤው ወጥቶ በ2015 ታተመ። ከአፍሪካ ሙሉ ጂኖሙ (የዲኤንኤው ጽሑፍ በሙሉ) የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ሰው ነው። ዛሬ ካሉት ሕዝቦች በጣም የሚቀርበው ደቡብ ኢትዮጵያ ካሉት ከአሪዎች ነው።

ጥያቄ፦ የኮቪድ ክትባት ዲኤንኤዬን ቀይሮት ይሆን?

መልስ፦ አልቀየረውም። ፋይዘርና ሞደርና የያዙት መልእክተኛ አርኤንኤ ነው። ኒውክለስ ውስጥ አይገባም፤ ፕሮቲኑ ከተሠራበት በኋላ በቀናት ውስጥ ይፈርሳል። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን በ2023 ኖቤል ያገኙበት ሥራ ዩራሲል ያለበትን ቀለበት በመጠኑ ለውጦ ሰውነት እንዳይቆጣበት ማድረግ ነው። አስትራዜኔካና ጆንሰን ይለያሉ። በማይራባ ቫይረስ ውስጥ ዲኤንኤ ይዘዋል፣ እሱም ኒውክለስ ይገባል። ነገር ግን ከእኛ ዲኤንኤ ጋር የሚሰፋ መሣሪያ የለውም።

ጥያቄ፦ ኤችአይቪም አርኤንኤ ነው ይባላል። ታዲያ እሱ እንዴት ሰውነት ውስጥ ይቀራል? ቫይራል ሎዴ "አይታይም" ተብሏል፣ መድኃኒቱን ባቆም ምን ይላል?

መልስ፦ እንዳታቆም። ኤችአይቪ አርኤንኤውን ብቻ ይዞ አይመጣም። አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ መልሶ የሚጽፍ ኢንዛይም አለው፤ ያን ዲኤንኤ ከራስህ ዲኤንኤ ጋር የሚሰፋ ሌላ ኢንዛይምም አለው። አንዴ ከተሰፋ ያ ህዋስ እስካለ ድረስ አብሮት አለ።

ቲኤልዲ የምትወስድ ከሆነ፣ ኪኒኗ ውስጥ ሦስት መድኃኒት አለ። ቴኖፎቪር አዴኒን ያለበትን ቀለበት፣ ላሚቩዲን ሳይቶሲን ያለበትን ይመስላሉ። ኢንዛይሙ ተሳስቶ ሰንሰለቱ ላይ ያስገባቸዋል፤ ቀጣዩ የሚያያዝበት ቦታ ስለሌላቸው ጽሑፉ እዚያው ይቆማል። ዶሉቴግራቪር ደግሞ መስፋቱን ይከለክላል። ሦስቱም የሚያግዱት አዲስ ህዋስ እንዳይያዝ ነው፤ ቀድሞ የተሰፋውን አይነቅሉም።

ቫይራል ሎድ የሚቆጥረው ደም ውስጥ ያለውን የቫይረሱን አርኤንኤ ነው። "አይታይም" ማለት አርኤንኤው ማሽኑ ከሚቆጥረው በታች ነው ማለት ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ መድኃኒቱን እየወሰድክ እንዲህ እስከቆየህ ድረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሰው አታስተላልፍም። ዲኤንኤው ግን በተኙ ህዋሶች ውስጥ አለ፣ ይሄ ምርመራ አያየውም። መድኃኒቱ ከቆመ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ አርኤንኤው እንደገና መቆጠር ይጀምራል።