እጩውን ኦዲት አድርጉት

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው ሂሳብ ሳገላብጥ ነው። ኦዲተር ነኝ። የሄድኩበት ሁሉ ፊት ይጠቁርብኛል፤ ለምጄዋለሁ። ሙያው ያስተማረኝ አንድ ነገር አለ፤ ሰው የሚናገረው ሌላ፣ ወረቀቱ የሚናገረው ሌላ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሲገጥሙ እፈርማለሁ። ካልገጠሙ፣ የሰውየው አንደበት ማር ቢሆንም ብዕሬን ኪሴ እከታለሁ። ድምፅ መስጠትንም የማየው እንደ ፊርማ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትመርጡት ይህንን መጻፍ የፈለግኩት ለዚህ ነው። ማንን እንደምመርጥ ግን አትጠይቁኝ፣ አልነግራችሁም።

በመጀመሪያ ዓይናችሁን ጠርጥሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 አሌክሳንደር ቶዶሮቭ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አንድ ሙከራ ይፋ አደረገ። ለአሜሪካ ሴኔት የተወዳደሩ ሰዎችን ፎቶ፣ ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ ለማያውቋቸው ሰዎች አሳዩ። “ችሎታ ያለው የሚመስላችሁ የቱ ነው?” አሉ። ይህን ብቻ ተጠይቀው የመረጡት ፊት፣ ከ10 ውድድር በ7ቱ ገደማ ያሸነፈው ሰው ሆኖ ተገኘ። በ2009 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የፈረንሳይ ፓርላማ ተወዳዳሪዎችን ፎቶ ለሕፃናት አሳዩ። ጥያቄው “የመርከባችሁ ካፒቴን ማን ይሁን?” የሚል ነበር። ልጆቹም እንደ ትልልቆቹ አሸናፊውን መገመት ቻሉ። የ5 ዓመት ልጅ ስለ ግብር ፖሊሲ የሚያውቀው ነገር የለም። ታዲያ እኛ ትልልቆቹ ምን አውቀን ነው የመረጥነው? ያስቃል፣ ያስደነግጣልም።

ከዚህ ማናችንም አናመልጥም። ግን ልክ ማበጀት ይቻላል። አንድ እጩ ደስ ካላችሁ “ለምን?” ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ “እንዲሁ ደስ ይለኛል” ከሆነ ገና አልመረጣችሁም ማለት ነው። የክርክር ክሊፕም እንዲሁ ነው። ተቃዋሚውን በአንዲት አረፍተ ነገር ዝም ያሰኘው ሰው በላይክ ይጥለቀለቃል። ነገር መመለስ ግን አንድ ሙያ ነው፣ በጀት ማንበብ ሌላ።

ቀጥሎ ሲቪውን ተመልከቱ። ጆርጅ ሳንቶስ የሚባል አሜሪካዊ በኅዳር 2022 (እ.ኤ.አ.) ለተወካዮች ምክር ቤት ተመረጠ። ጎልድማን ሳክስና ሲቲግሩፕ በሚባሉ ትልልቅ ባንኮች ሠርቻለሁ፣ ባሩክ ኮሌጅ ተመርቄያለሁ ይል ነበር። አንዱም እውነት አልነበረም፤ ቁልጭ ያለ ፎርጅድ ታሪክ ነው። አንዲት ትንሽ የአካባቢ ጋዜጣ ከምርጫው በፊት ስለ ሰውየው ሀብት ጥያቄ አንስታ ነበር፤ ሰሚ አላገኘችም። ትልልቆቹ ሚዲያዎች ጉዱን ያወጡት ከተመረጠ በኋላ ነው። በታኅሣሥ 2023 ምክር ቤቱ አባረረው። እኔን የሚገርመኝ ውሸቱ አይደለም። አንድ ሰው ወደ ኮሌጁ ደውሎ “እውነት እዚህ ተምሯል?” ቢል የሚያልቅ ነገር መሆኑ ነው። ሁሉም ሌላው አጣርቶ ይሆናል ብሎ ተቀመጠ። በእኛ ሥራ ትልልቅ ጉድለቶች የሚያመልጡት በዚሁ መንገድ ነው፤ ከኔ በፊት የነበረው አይቶታል እየተባለ።

የሀብት ማስታወቂያ የሚጠየቅበት አገር ከሆናችሁ እሱን ፈልጉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሙያዬ ስለሆነ። በሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2002 (እ.ኤ.አ.) በሰጠው ውሳኔ መነሻነት፣ እጩ ሁሉ በመሐላ የሚሞላው ፎርም አለ። የራሱንና የትዳር ጓደኛውን ሀብት፣ እዳውን፣ የትምህርት ደረጃውን፣ በፍርድ ቤት ያለበትን የወንጀል ክስ ይጽፋል። ፎርሙን ማንም ሰው ማየት ይችላል። እንዲህ ዓይነት ወረቀት እጃችሁ ሲገባ በአንዱ ብቻ አትመሰጡ። አንድ ፎርም ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሁለት ሲሆኑ ነው ወሬ የሚጀምሩት።

እጩው ካለፈው ምርጫ ጀምሮ ሥልጣን ላይ ከነበረ ያኔ የሞላውን ከአሁኑ ጎን አስቀምጡ። በመሐል 5 ዓመት ካለ የወር ደመወዙን በ60 አባዙት። ሰው ይበላል፣ ይለብሳል፣ ልጅ ያስተምራል፤ እሱን ቀንሱ። የጨመረው ሀብት ከቀረው ገንዘብ በብዙ የሚበልጥ ከሆነ ጥያቄ አለ ማለት ነው። ውርስ ይሆናል። ቤቱ ዋጋው ጨምሮም ይሆናል። ሚስቱ ጎበዝ ነጋዴ ልትሆን ትችላለች። ዘላችሁ ሌባ አትበሉት። ግን ማስረዳት ያለበት እሱ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። ተጠይቆ የሚቆጣ ሰው ደግሞ፣ ከልምዴ ልንገራችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረሰኝ የለውም።

እኔ ከሀብቱ በፊት የማየው እዳውን ነው። ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚሄደው መኪናውና ቤቱ ላይ ነው። እዳ ግን ሰውየው ነገ ማንን እንደሚፈራ ይነግራችኋል። ብዙ ገንዘብ ያበደረው ሰው የመንግሥት ጨረታ የሚጫረት ከሆነ፣ ያ እጩ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ብቻውን አይደለም የሚቀመጠው። የዘመቻ ገንዘብም እንደዚያው ነው። ከምርጫው ዋዜማ ገንዘብና ስጦታ የሚያድል ሰው ሲመጣ ስንት ሰጠ አትበሉ። ከየት አምጥቶ ነው፣ መልሶስ ከማን ሊያገኘው ነው በሉ። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለውን ተረት እየሳቅን ስንደጋግመው የኖርነው እኛው ነን። በበኩሌ ድሮም አላሳቀኝም።

የክሱን ነገር ግን ረጋ ብላችሁ እዩት። ክስ ፍርድ አይደለም። ሰልፍ ወጥቶ የተከሰሰና የሕዝብ ገንዘብ አጉድሎ የተከሰሰ በአንድ ዓይን አይታዩም። ክሱ ምንድን ነው፣ የት ደርሷል፣ ከሳሹ ማን ነው፣ ይህን ሳታውቁ አትፍረዱ።

ወደ ቃል ኪዳኑ እንምጣ። ማኒፌስቶ አሰልቺ ነው፤ አነበባችሁት አላነበባችሁት አልቆጣም። ግን አንዱን፣ ለእናንተ ሕይወት ቅርብ የሆነውን ቃል ምረጡና መርምሩት። ለምሳሌ “ለወጣቶች 10 ሺህ የሥራ ዕድል እፈጥራለሁ” ቢል፣ ሰውየው የሚወዳደረው ለየትኛው ወንበር ነው? ለሕግ አውጪ ምክር ቤት ከሆነ ሥራው ሕግ ማውጣት፣ በጀት ማጽደቅና አስፈጻሚውን መቆጣጠር ነው። ብቻውን ፋብሪካ አይከፍትም። ሥልጣኑ የማይደርስበትን ነገር ቃል ከገባ ወይ ሥራውን አያውቀውም፣ ወይ እናንተ የማታውቁት መስሎታል። ከዚያ ገንዘቡ ይምጣ። ግብር ሊጨምር ነው? ሊበደር ነው? ከሌላ መሥሪያ ቤት ሊቀንስ ነው? ከየትም ካልሆነ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ቀኑ ነው፤ እስከ መቼ? ቀን የሌለው ቃል ሲፈርስም አይታወቅም።

ይህን ምርመራ መራጩ ብቻውን እንዳይለፋበት ያደረጉ አሉ። በኔዘርላንድስ ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንድ የመንግሥት የኢኮኖሚ ጥናት ተቋም የፓርቲዎችን የምርጫ ፕሮግራም እየተቀበለ ያሰላል። ፓርቲዎቹ የሚያስገቡት በፈቃዳቸው ነው። ይህ እቅድ የመንግሥትን ጉድለት ስንት ያደርሰዋል፣ ሥራ አጥነትን ምን ያደርገዋል ብሎ ከምርጫው በፊት ያወጣል። ስሌቱ ስህተት አይጠፋውም፤ የነገን ነገር ማን በትክክል ያውቃል? ነገር ግን ሒሳቡ እንደሚሰላ የሚያውቅ ፓርቲ አፉን ይሰበስባል። እንዲህ ያለ ተቋም በሌለበት ቦታ እርሳስና ወረቀት ይዞ መቀመጡ የእናንተ ፋንታ ነው።

ከመድረክ መድረክ የሚቀያየር ቁጥርንም አድምጡ። በየካቲት 1950 (እ.ኤ.አ.) ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ውስጥ የተሰገሰጉ ኮሚኒስቶችን ዝርዝር ይዣለሁ አለ። በመጀመሪያው ንግግር የተዘገበው ቁጥር 205 ነበር። በማግስቱ 57 ሆነ። ቀኑ ሳይረዝም በሴኔቱ ፊት 81 አለ። አንድ የሂሳብ ሹም በአንድ ወር ሦስት የተለያየ ድምር ቢያመጣልኝ ካዝናውን አሽጌ ነው የምጠራው። ማካርቲ ግን ለዓመታት ተፈራ፤ ሴኔቱ የወቀሰው በ1954 መጨረሻ ነው። በመሐል ስንት ሰው እንጀራውን አጣ። ቁጥር መጥራት ሰውን አዋቂ ያስመስላል። እናንተ ግን ያለፈውን ንግግሩን ፈልጋችሁ ቁጥሩን አስተያዩ። በስልካችሁ የደቂቃ ሥራ ነው።

ቃሉን ያጠፈ ሁሉ ግን አታላይ አይደለም። ትልቁ ጆርጅ ቡሽ በ1988 (እ.ኤ.አ.) “ከንፈሬን አንብቡ፤ አዲስ ግብር የለም” ብለው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በ1990 የበጀት ጉድለቱ ሲያስጨንቃቸው ከተቃዋሚዎቻቸው ጋር ተስማምተው ግብር ጨመሩ። በ1992 ተሸነፉ። እኔ የምወቅሳቸው ግብሩን በመጨመራቸው አይደለም፤ መጀመሪያውኑ በዚያ አፍ በመማላቸው ነው። የሁኔታዎች መለወጥ ያለ ነው። ወጥቶ “ያልኩትን አልፈጸምኩም፣ ምክንያቱ ይኸ ነው” የሚለውንና ነገሩን እንዳላለ የሚክደውን ለዩ። የመጀመሪያውን ደግሜ ልመርጠው እችላለሁ።

ሌላም አለ። እጩው ከዚህ በፊት ተሸንፎ ያውቃል? ያኔ ምን አደረገ? በ2015 (እ.ኤ.አ.) የናይጄሪያው ፕሬዚዳንት ጉድላክ ጆናታን የመጨረሻው ውጤት ይፋ ከመሆኑ በፊት ለተቀናቃኛቸው ለሙሐመዱ ቡሃሪ ደውለው እንኳን ደስ ያለዎት አሉ። በዚያች አገር ሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት በምርጫ ሲሸነፍ የመጀመሪያው ነበር። ስለ አስተዳደራቸው የፈለጋችሁትን ማለት ትችላላችሁ፤ ያቺ ስልክ ግን ተመዝግባላቸዋለች። በየትም ደረጃ ቢሆን ያው ነው። ከማኅበር ሊቀመንበርነት ወርዶ መዝገቡንና ማኅተሙን አላስረክብም ያለ ሰው፣ አገር ቢሰጡት ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ ያስፈልገዋል?

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ልሂድ። በሙያችን ዘመድህን ኦዲት አታደርግም፤ ክልክል ነው፣ ዓይን ያዳላል። መራጭ ግን ይህ ምቾት የለውም። የራሱን ሰው፣ የራሱን ወገን፣ የራሱን ፓርቲ መመርመር አለበት። “የኛ ልጅ ነው” የሚለው ነገር ያልያዘው ሰው አላየሁም፣ ራሴንም ጨምሮ። እኔን የረዳኝ ስም መቀየር ነው። የምደግፈው ሰው ያደረገውን ነገር በማልደግፈው ሰው ስም አድርጌ እንደገና አነበዋለሁ። ያኛው ቢያደርገው ደሜ ይፈላ ነበር? ከፈላ፣ አሁንም ይፍላ እንጂ! ይህን ስታደርጉ ጓደኞቻችሁ “አንተ ደግሞ ለማን ነህ?” ይሏችኋል። ይበሉ።

ሁሉንም አጣርታችሁ አንድም የሚረባ ልታጡ ትችላላችሁ። ሕንድ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በድምፅ መስጫው ላይ “ከእነዚህ ማንንም አልመርጥም” የሚል ምርጫ አላት። ቁጣን ለመግለጽ ጥሩ ነው። ሆኖም በብሔራዊው ምርጫ ያ ሳጥን ብዙ ድምፅ ቢያገኝ እንኳ ወንበሩን የሚወስደው ከእጩዎቹ ብዙ ድምፅ ያገኘው ነው። ስለዚህ እኔ ከመጥፎዎቹ መሐል ጉዳቱ የሚታረመውን እመርጣለሁ። ጋዜጠኛን የማያስር፣ ፍርድ ቤትን የማይነካ፣ በሚቀጥለው ምርጫ ልናወርደው የምንችለው ደካማ ሰው፣ ጎበዝ ሆኖ በሩን ከኋላው ከሚቆልፈው ይሻለኛል። በዚህ የማይስማሙ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ፤ ውጤት ይበልጣል ይላሉ። ተከራክረን አልጨረስንም።

የዘመቻ በራሪ ወረቀቷን ከምርጫው በኋላ አትጣሏት። ቀኑን ጻፉባትና አስቀምጡ። ያሸነፈው ሰው የመጀመሪያው በጀት ሲቀርብ እጁን ለምን እንዳወጣ፣ ለምን እንዳላወጣ ከወረቀቷ ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ ቢሮው ሂዱ። አይቀበሉን ይሆናል ብላችሁ አትቅሩ፤ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡና ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱበት።