በአማርኛ የሮልፕሌይ ጨዋታ ጽፎ ስለማሳተም፦ ለመሐል ሜዳው መምህር

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌሎቹም እንዲከተሉን ባጭሩ ልድገመው። መሐል ሜዳ ታስተምራለህ። ከሥራ መልስ ማታ ማታ በአማርኛ የጠረጴዛ ሮልፕሌይ ጨዋታ ትጽፋለህ። ቦታው መንዝ ነው። ረቂቁ 200 ገጽ አልፏል። “የት ላሳትመው? የሌላ ሰው ሕግ ብጠቀም እከሰሳለሁ? ገንዘብስ ይወጣዋል?” ብለሃል። እኔ ደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ፤ ቀን ቢሮ እሠራለሁ። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ገበያ ስለሚወርዱ የጥንት ሲራራ ነጋዴዎች ትንሽ ጨዋታ ጽፌ በራሴ ወጪ አሳትሜአለሁ። ከዚያ የተማርኩትን ልንገርህ።

ነገሩ አዲስ ለሆነባችሁ፦ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ አጫዋች ሆኖ ሁኔታውን ይተርካል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው “እንዲህ አደርጋለሁ” ይላሉ። ውጤቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። የዚህ ዓይነት ጨዋታ መጀመሪያ ታትሞ ለገበያ የቀረበው በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ በሚል ስም ነው።

እንግዲህ ዋናው ነገር። ማተሚያ ቤቱን ለጊዜው ተወው። ጨዋታህ አንተ በሌለህበት ቤት ውስጥ መጫወት ይችላል ወይ? ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው የሚወሰነው። አሜሪካ ያለ ጸሐፊ መጽሐፉን የሚገዛው ሰው ከዚህ በፊት ሌላ ጨዋታ ተጫውቷል ብሎ ማሰብ ይችላል። አንተ አትችልም። ያንተ ገዢ የሚያውቀው ካርታ፣ ዳማ፣ ገበጣና ሉዶ ነው። መጀመሪያ የሚጠይቅህ “ማን ነው የሚያሸንፈው?” ብሎ ነው። መልሱን፣ ማለትም አሸናፊ እንደሌለ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ካላገኘ መጽሐፉን ዘግቶ ያስቀምጠዋል።

ስለዚህ ፈተናው እንዲህ ይሁን። ረቂቁን አትመህ ለአምስት ሰዎች ስጣቸው። ጨዋታውን አታስረዳቸው። ጥግ ይዘህ ተቀመጥ፣ አፍህን ዝጋ። ሲሳሳቱም አታርማቸው። ወደ ኋላ ገልጠው የሚፈልጉትን ገጽ ምልክት አድርግ። ዝም የሚሉበትን ቦታ ጻፍ። እርስ በርስ የሚከራከሩበትን ሕግ ጻፍ። እኔ ይህን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ሞክሬዋለሁ፤ እሑድ ከሰዓት ይመቻቸዋል። ያንተ ተማሪዎች ደግሞ ከማንም በላይ እውነቱን ይነግሩሃል። የሰለቸው ተማሪ ፊቱ ላይ ይታያል።

ከሁሉም የበለጠ የጠቀመኝ አንድ የጨዋታ ናሙና መጻፍ ነው። ሕጉን አንብበው ያልገባቸው ሰዎች ይህን ሲያነቡ ወዲያው ይገባቸዋል። ከኔው መጽሐፍ ልጥቀስልህ፦

አጫዋች፦ “ቁልቁለቱ ላይ ኋለኛዋ በቅሎ ቆመች። አሞሌው ወደ አንድ ጎን ዘሟል። ጀምበሯ እያዘቀዘቀች ነው። ምን ታደርጋላችሁ?”
ተጫዋች፦ “ጭነቱን አራግፌ እንደገና እጭናለሁ።”
አጫዋች፦ “ጊዜ ይወስዳል። ሌሎቹ ይጠብቁሃል ወይስ ይቀጥላሉ?”

ይሄው ነው። ከዚህ በኋላ “ማን ያሸንፋል?” የሚል ሰው አልገጠመኝም።

አሁን ስለ 200 ገጹ። ቆርጠው። እንደምትሳሳለት ይገባኛል፣ ግን ቆርጠው። 32 ገጽ ይበቃሃል። ከጥያቄህ ሥር የዘረዘርካቸውን ምዕራፎች አይቻቸዋለሁ፤ የመንዝ ክፍሎች ማማ፣ ላሎና ጌራ፣ የነገሥታቱ ዘመን፣ መናፍስቱ፣ ጦርነቱ፣ ሁሉም አለ። ከነዚህ ውስጥ ልቤን የያዘው ግን ስለ ጓሳው፣ ስለ መንዝ የደጋ ሣር ሜዳ፣ የጻፍከው ነው። አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። ድሮ ማኅበረሰቡ መሪ መርጦ ሣሩን ይዘጋ ነበር። ከ3 እስከ 5 ዓመት ማንም አያጭድም፣ ማንም ከብት አያስገባም። ሲከፈት ለቤት ክዳኑም ለገመዱም ይታጨዳል። ይህ ሥርዓት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪቀር ድረስ ሠርቷል። እንዲህ ያለ ጨዋታ የት ይገኛል? አንዱ ተጫዋች የተመረጠው መሪ ይሁን። አንዷ ቤቷ የሚያፈስባት ባልቴት ትሁን። አንዱ ከብቶቹ የከሱበት ጎረምሳ ይሁን። ዝናብ ቀርቷል፣ ሣሩ ደግሞ ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል። ማንም ሰይፍ ሳይመዝ ሌሊቱን ሙሉ ሊያጫውት ይችላል። ጥፋተኛው እስኪለይ አገሬው አንድ ላይ የሚቀመጥበትን አውጫጭኝን ብትጨምርበት ደግሞ ከበቂ በላይ ነው። የቀረው 170 ገጽ አይጠፋም፤ ሁለተኛና ሦስተኛ መጽሐፍ ይሆንልሃል።

ዳይሱን በተመለከተ፣ ባለ ሃያ ጎኑን እርሳው። ደብረ ብርሃን ፈልጌ አላገኘሁትም። የሉዶ ዳይስ ግን ሱቅ ውስጥ አለ። ሁለት ዳይስ ሲጣል 36 አጋጣሚ አለ። ድምሩ 10 እና ከዚያ በላይ የሚሆነው በ6ቱ ብቻ ነው። ከ7 እስከ 9 የሚሆነው በ15ቱ፣ 6 እና ከዚያ በታች የሚሆነው በቀሩት 15ቱ ነው። ላይኛው “ተሳካ”፣ መሐለኛው “ተሳካ፣ ግን ዋጋ አስከፈለ”፣ ታችኛው “ነገሩ ባሰ” ይሁን። ይህን አከፋፈል በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው አፖካሊፕስ ወርልድ የተባለ ጨዋታ አስፋፍቶታል፤ ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል።

“ታዲያ ይህ ስርቆት አይደለም ወይ?” ትለኝ ይሆናል። አይደለም። የእኛው የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ ሐሳብን፣ ሥርዓትንና የአሠራር ዘዴን አይጠብቅም። የሚጠብቀው አጻጻፉን ነው። ስለዚህ የዳይሱን አሠራር መውሰድ ትችላለህ፤ የሌላውን ጸሐፊ ዓረፍተ ነገር፣ ሥዕልና ስም ግን አትንካ። ያንተም ጽሑፍ ከተጻፈበት ሰዓት ጀምሮ ጥበቃ አለው። የደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ መሠረታዊ ሕጎችም ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምንጩን እስከጠቀስክ ድረስ ተርጉመህ እንድትሸጥ በሚፈቅድ ፈቃድ ተለቀዋል። ግን 400 ገጽ ገደማ ነው። ለጀማሪ አልመክርም።

ሥዕል ያስጨንቅህ ይሆናል። የሚከፈለው ሠዓሊ ካለህ እሰየው። ከሌለህ የጀርመናዊውን የዮሐን ማርቲን በርናትዝን ሥራዎች ተመልከት። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጥቶ አንኮበርንና አካባቢውን ሥሏል። ሰውየው በ1878 እ.ኤ.አ. ስለሞተ የሥዕሎቹ መብት ካበቃ ቆይቷል። ፋይሉን የምታወርድበት ቤተ መጻሕፍት የራሱ ቅድመ ሁኔታ እንዳለው ብቻ አንብብ።

አንድ ነገር ከልቤ ልለምንህ። እኛ ሰሜን ሸዋ ያለን ሰዎች በቅርብ ዓመታት ያየነውን አይተናል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከቤታቸው የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች አሉ። ጠረጴዛህ ላይ የሚቀመጠው ልጅ ምን እንዳጣ አታውቅም። የተቃጠለ መንደር ለአንተ የታሪክ መነሻ ነው፤ ለእሱ ግን የአጎቱ ቤት ሊሆን ይችላል። መጽሐፍህ ውስጥ ከጨዋታው በፊት “ዛሬ የማናነሳው ምንድን ነው?” የሚል ገጽ ይኑር። ጠረጴዛው መሐል ባዶ ካርድ ይቀመጥ። ካርዱን የነካ ሰው ምክንያቱን አይጠየቅም፤ ትዕይንቱ ይታለፋል። በብሔርና በሃይማኖት ጠላት የሚለይ ሕግ ደግሞ ጨርሶ አታስገባ። በዚህ ላይ የምደራደርበት ነገር የለኝም።

ኅትመቱ ቀላል ነው። 32 ገጽ በኤ5 መጠን ማለት 8 የኤ4 ወረቀት ፊትና ጀርባ ታትሞ፣ መሐሉ ላይ ታጥፎ በስቴፕል ተጠረዘ ማለት ነው። የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት፤ አለበለዚያ ባዶ ገጽ ይተርፍሃል። ኦፍሴት የሚባለው የብዛት ኅትመት ፕሌት፣ ማለትም የማተሚያ ቅርጽ፣ ማሠሪያ ስለሚያስወጣ ለጥቂት ቅጂ አያዋጣም። መጀመሪያ ዲጂታል ማተሚያ ያለው ቤት ሄደህ ጥቂት አሳትም። እነሱ እስኪያልቁ ስህተቱ ይለቀማል። ፊደሉን ዩኒኮድ በሚባለው የጋራ የኮምፒውተር የፊደል ሥርዓት ጻፍ፤ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርምስ ይሆናል። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ እና አቢሲኒካ ነፃ የዩኒኮድ ፎንቶች ናቸው። ገጹን ስክራይበስ በሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም መሥራት ትችላለህ፤ እሱም ነፃ ነው። የምትሰጣቸው ፋይል ፒዲኤፍ ይሁን።

ገንዘቡን በቀጥታ ልንገርህ፦ ደሞዝ አይሆንህም። ምክንያቱም አምስት ሰው በአንድ መጽሐፍ ይጫወታል። አምስት አንባቢ አገኘህ ማለት አንድ ገዢ አገኘህ ማለት ነው። ኪክስታርተር በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ከሕዝብ ገንዘብ ማሰባሰብ የሚችሉት የተወሰኑ አገሮች ነዋሪዎች ናቸው፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። ኢች (itch.io) የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ፒዲኤፍ መሸጥ ይቻላል፤ የጣቢያውን ድርሻ እንኳ አንተው ነህ የምትወስነው። ግን ገንዘቡ እጅህ የሚገባበትን መንገድ ፋይሉን ከመጫንህ በፊት አረጋግጥ። እኔን የረዳኝ ቴሌግራምና ቴሌብር ነው። ከሁሉ በላይ ግን አጫውቶ መሸጥ። አንድ ካፌ ውስጥ ሁለት ሰዓት አጫውተህ ስትጨርስ ከተጫዋቾቹ አንዱ “ይሄ ስንት ነው?” ይልሃል። ዋጋውን ስትተምን የትራንስፖርትህንም ወጪ አስገባ። በነፃ አታድል፤ በነፃ የተሰጠ መጽሐፍ ሳይነበብ መደርደሪያ ላይ ሲቀር አይቻለሁ።

የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ ማለትም አይኤስቢኤን፣ የሚሰጠው አዲስ አበባ ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ነው። ለሙከራ ቅጂ አያስፈልግህም። መጽሐፍ መደብር ለማስገባት ስታስብ ያን ጊዜ ትሄዳለህ።

የጓሳውን ክፍል ብቻ ለይተህ ፒዲኤፉን በውስጥ መስመር ላክልኝ። እዚህ ደብረ ብርሃን የሚጫወት ቡድን አለን፤ አንዳቸውም የመንዝ ልጅ አይደሉም፣ ስለዚህ ያልተብራራውን ወዲያው ይነግሩሃል። የሚያደናግራቸውን ገጽ ሁሉ ምልክት አድርጌ እመልስልሃለሁ።