አሮጌ የእንጨት ምድጃና ብሎወር፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ብርዱ ከጠና ወዲህ የሚደርሱኝ አብዛኞቹ ጥያቄዎች ስለ እንጨት ምድጃ ናቸው። ዛሬ አሮጌ ምድጃ ላይ ብሎወር (የምድጃውን ሙቀት ወደ ክፍሉ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ) ስለመግጠምና ስለ አጠቃቀሙ የጠየቃችሁትን በአንድ ላይ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሚኒሶታ የገዛነው ቤት ሳሎን ውስጥ አሮጌ የብረት ምድጃ አለ። ብሎወር ብንገጥምለት እሳቱን ይበልጥ ያነደዋል?

መልስ፦ አያነደውም። ብሎወር እንደ ወናፍ ፍም ላይ የሚነፋ አይደለም። ከወለሉ አካባቢ ቀዝቃዛ አየር ይስብና በምድጃው ብረትና በውጭኛው ሽፋን መካከል አሳልፎ፣ ሲሞቅ ወደ ክፍሉ ይለቀዋል። እሳቱ የሚነድበት አየር ሌላ ነው፤ ሁለቱ መገናኘት የለባቸውም። ምድጃችሁ ያለ ሽፋን አንድ ወጥ ሳጥን ከሆነ አየሩ የሚያልፍበት መንገድ የለም። መጀመሪያ ከጀርባው የተለጠፈውን ታርጋ እዩ፤ የሞዴል ቁጥሩን፣ ብዙ ጊዜም የሚስማማውን ብሎወር ታገኙበታላችሁ።

ጥያቄ፦ ለኔ ሞዴል የተሠራው ብሎወር ከገበያ ጠፍቷል። ሌላ ገዝቼ ምድጃውን በድሪል ብስቼ ልግጠመው?

መልስ፦ እባክዎ አይብሱት። እሳት ማንደጃው ከተበሳ የማይቆጣጠሩት አየር ይገባል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝም ወደ ቤት ሊወጣ ይችላል። ይልቅ ምድጃው አናት ላይ የሚቀመጠውን፣ መብራት የማይፈልገውን ማራገቢያ ይግዙ። እግሩ ሲግል የላይኛው ክፍሉ ቀዝቀዝ እንዳለ ይቆያል፤ ከዚያ የሙቀት ልዩነት በሚመነጭ ኤሌክትሪክ ይዞራል። ቀዝቃዛ አየር እንዲያገኝ ከኋላ ወይም ከጎን ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ብርዱ ስላስቸገራት፣ እሳቱ እንደተለኮሰ ብሎወሩን እስከ መጨረሻው እከፍተዋለሁ። የሚወጣው አየር ግን ቀዝቃዛ ነው፤ የምድጃው መስታወትም ጠቆረ።

መልስ፦ ደብዳቤዎን ሳነብ ሰጋሁ። መስታወቱ ከጠቆረ ጭስ ማውጫውም ውስጡ ሳይጠቁር አይቀርም። ብሎወር ሙቀት አይፈጥርም፤ ምድጃው ያመነጨውን ወስዶ ያከፋፍላል። ብረቱ ሳይግል ሙቀቱን ሲቀሙት ማንደጃው ይበርዳል፤ ጭሱ ሳይቃጠል ይወጣና በቀዝቃዛው ጭስ ማውጫ ላይ ቅጥራን የመሰለ ክሪዮሶት ሆኖ ይጋገራል። የጭስ ማውጫ ቃጠሎ የሚነሳው ይህ ሲያያዝ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የምድጃ ጭስ ደንብ ያወጣው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ጭሱን መልሶ የሚያቃጥል ዘዴ ስለሌላቸው ችግሩ በእነሱ ይብሳል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጭስ ማውጫውን በባለሙያ ያስመርምሩ፣ ያስጠርጉ፤ እስከዚያው አያንድዱ። ከዚያ በኋላ እሳቱ ከተለኮሰ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይታገሱ። ግድግዳው ነጠላ (ድርብ ያልሆነ) በሆነው የጭስ ቱቦ ላይ በማግኔት የሚጣበቅ ቴርሞሜትር ያድርጉ፤ መርፌው 250 ዲግሪ ፋራናይትን ሳያልፍ ብሎወሩን አይክፈቱ። ሲከፍቱም ከዝቅተኛው ይጀምሩ፤ መርፌው ከወረደ ይቀንሱ። እንጨት ሲጨምሩ ያጥፉትና ነበልባሉ ሲይዝ መልሰው ይክፈቱት። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ይሁን። እናትዎ ቤቱ እስኪሞቅ ጠጋ ብለው ቢቀመጡ ምንም አይደል፤ ወንበራቸውና ጋቢያቸው ግን ከምድጃው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ።

ጥያቄ፦ ብሎወሩ በራሱ ይነሳል፣ በራሱ ይጠፋል። ዘንድሮ ደግሞ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

መልስ፦ መነሳትና መጥፋቱ የቴርሞስታቱ ሥራ ነው፤ ብረቱ ሲሞቅ ያስነሳዋል፣ ሲበርድ ያጠፋዋል። መንቀጥቀጡ ብዙ ጊዜ ከአቧራ ነው። ከሶኬት ነቅለው፣ ምድጃው ሲበርድ በክንፎቹ መሃል የተጋገረውን በብሩሽና በቫኪዩም ያጽዱ፤ ብሎኖቹንም ያጥብቁ። ከዚያም ካልተወ ኩሽኔታው አልቋልና ሞተሩን ይለውጡ።

ጥያቄ፦ ሳሎኑ ይግላል፣ መኝታ ቤቱ ግን በረዶ ነው። ትልቅ ብሎወር ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ተራ ቬንትሌተር መኝታ ቤቱ በር ላይ ወለሉ ላይ ያስቀምጡና ፊቱን ወደ ሳሎን ያዙሩት። ከባዱ ቀዝቃዛ አየር ከታች ወደ ምድጃው ሲገፋ፣ የሞቀው በጣሪያው ሥር ወደ መኝታ ቤቱ ይመጣል። በሩ ክፍት መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ።